መቶ ጉሮሮ፣ አንድ መዝሙር፦ ከፊት የቆመው መሪ ምን እየሠራ ነው?

እሁድ ጠዋት በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ ጎዳናዎች ብታልፉ ዝማሬ ከየአቅጣጫው ይደርሳችኋል። ከአንዱ ወገን ከበሮና ጸናጽል፣ ከሌላው ኪቦርድና ሞንታርቦ ይሰማል። ዜማው ይለያያል፤ የአምልኮው ሥርዓትም እንዲሁ። አንድ ነገር ግን በሁሉም ዘንድ አለ፦ አንድ ሰው ይጀምራል፣ ሌላው ሕዝብ ይቀበላል።

እስቲ አስቡት። ከመቶ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ኖታ አያነቡም፣ አብረው ተለማምደው አያውቁም፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም ገና ዛሬ ነው የተያዩት። እነዚህኑ ሰዎች ከጋዜጣ ላይ አንድ አንቀጽ በአንድ ላይ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ብትጠይቋቸው ወዲያው ይተረማመሳል። መዝሙር ሲሆን ግን መቶ አፍ በአንድ ቅጽበት ይከፈታል። ለምን?

ብዙ ሰው መልሱ «መሪው ድምፀ መልካም ስለሆነ ነው» ይላል። ድምፀ መልካም መሆን መቼም አይጠላም፤ ዋናው ሥራ ግን እሱ አይደለም። መሪው ለሕዝቡ ሦስት ነገሮችን ያቀብላል፦ ጊዜን፣ የድምፅ ከፍታን እና ቃልን። ሦስቱንም ደግሞ ትንሽ ቀደም ብሎ ማቀበል አለበት። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ምን ይሆናል? የተወሰነው ሕዝብ አፉን ይዘጋል። እንግዲህ ጉዳዩ ማን ይዘምራል፣ ማንስ ዝም ይላል የሚል ነው። ቀለል ያለ ጥያቄ አይደለም።

አንጎላችን አይከተልም፣ ይገምታል

ፊሽካ ሰምታችሁ ለመሮጥ ከ0.15 እስከ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጅባችኋል። ድምፁ ጆሮ ገብቶ፣ አንጎል ተረድቶት፣ ጡንቻ እስኪታዘዝ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ነው። አሁን በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታ ሞቅ ያለ መዝሙር ውሰዱ። በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 0.5 ሰከንድ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ምት ሰምተን ቆይተን ብናጨበጭብ ኖሮ ሁሌም ወደ ኋላ እንቀር ነበር።

ግን አንቀርም። ተመራማሪዎች ሰዎችን ከሜትሮኖም ጋር ጣታቸውን ጠረጴዛ ላይ እንዲመቱ ሲጠይቁ የሚያዩት ነገር የሚገርም ነው፦ ብዙዎች ከምቱ በጥቂት መቶኛ ሰከንዶች ቀድመው ይመታሉ። አንጎል ያለፉትን ምቶች ሰምቶ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ይገምታል፣ ጡንቻውንም አስቀድሞ ያዝዛል።

የጥሩ መሪ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ሥራው ይህን ግምት ቀላል ማድረግ ነው። መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት በረጅሙ አየር ሲስብ ትከሻው ከፍ ይላል፤ ሕዝቡም ሳያውቀው አብሮት ይተነፍሳል። እጁን ሲያነሳ «አሁን ነው» እያለ ነው። አዝማቹ ከመድረሱ በፊት የመጀመሪያዋን ቃል በፍጥነት ጣል ያደርጋታል። ቃሏን ከሕዝቡ ጋር እኩል ቢላት ምንም አትጠቅምም፤ አንድ ምት ቀድሞ ሲላት ግን መቶ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል።

አዳራሹ ሲረዝም መዝሙሩ ይጎተታል

ድምፅ ፈጣን ቢመስልም በአየር ውስጥ በሰከንድ የሚጓዘው 343 ሜትር ያህል ነው፤ ሞቅ ባለ አየር ትንሽ ይጨምራል። 34 ሜትር ርዝመት ባለው አዳራሽ የመሪው ድምፅ ከኋላ ለተቀመጡት የሚደርሰው ከ0.1 ሰከንድ በኋላ ነው። እነሱ የሰሙትን ተከትለው ሲዘምሩ ድምፃቸው ወደ መሪው ለመመለስ ሌላ 0.1 ሰከንድ ይወስዳል። በድምሩ 0.2 ሰከንድ ሆነ። በዚያ ሞቅ ባለ መዝሙር ይህ የአንድ ምት ሁለት አምስተኛ ነው።

መሪው አሁን ምርጫ አለው። ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ ልጠብቅ ካለ መዝሙሩ ቀስ እያለ ይሄዳል። ኋለኞቹ ደግሞ ያንን ዘገምተኛ ድምፅ ሰምተው የበለጠ ይዘገያሉ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስ ቼፍና ባልደረቦቹ ይህንኑ በሙከራ አይተውታል፦ ሁለት ሰዎችን በተለያየ ክፍል አስቀምጠው፣ የአንዱን ጭብጨባ ለሌላው አዘግይተው ሲያሰሙ፣ መዘግየቱ በጨመረ ቁጥር ጭብጨባውም ይቀዘቅዛል።

መፍትሔው ምንድን ነው? ዓይን! ብርሃን 34 ሜትሩን የሚያቋርጠው ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ የሚታይ ምልክት አይዘገይም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ቆማችሁ ከሆነ አስታውሱ፦ መሪጌታው ሲመራ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው፣ መቋሚያቸውን በአንድነት ከፍና ዝቅ እያደረጉ ያሸበሽባሉ። ሽብሸባው የራሱ መንፈሳዊ ትርጉም አለው። ከፊዚክስ አንጻር ካያችሁት ደግሞ እያንዳንዱ መቋሚያ ከሩቅ የሚታይ የጊዜ ምልክት ነው። በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን አብረው ሲወዛወዙና ሕዝቡ እጁን አንስቶ ሲያጨበጭብም ይኸው ሥራ ይሠራል።

*ሙከራ 1።* ከጓደኛችሁ ጋር ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ቆማችሁ በእኩል ፍጥነት አጨብጭቡ። ከዚያ 60 ሜትር ተራርቃችሁ፣ ጀርባ ለጀርባ ሆናችሁ ሞክሩት። በመጨረሻም በዚያው ርቀት ፊት ለፊት እየተያያችሁ ድገሙት። ልዩነቱን ልብ በሉ።

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ

ደቡብ ምዕራብ የዝናብ አገር ነው። በሚዛንና በቴፒ ዙሪያ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል። ቡናውና ጫካው ያማረው በዚሁ ነው። ለዝማሬ መሪ ግን ራስ ምታት ነው፤ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን መደብደብ ሲጀምር ቃላት ይጠፋሉ።

ለምን ቃላት ብቻ? የዝናብ ጫጫታ ወፍራምም ቀጭንም ድምፆችን በአንድ ላይ የያዘ ነው። ከንግግራችን ውስጥ ደካማዎቹ ድምፆች እንደ «ስ»፣ «ፍ» እና «ት» ያሉት ተነባቢዎች ናቸው፤ እነሱ ቶሎ ይሸፈናሉ። አናባቢዎቹ ጉልበት ስላላቸው ይተርፋሉ። «ሰላም» የሚለው ቃል «...አ...አ...» ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው። የከበሮው ወፍራም ድምፅም አይጠፋም። ስለዚህ ልምድ ያለው መሪ ዝናብ ሲመጣ አዲስ መዝሙር አያስተምርም። ሁሉም በቃሉ የሚያውቀውን፣ አዝማቹ አጭር የሆነውን ያነሳል። ሕዝቡ ቃሉን ያውቀዋልና ምቱ ብቻ ይበቃዋል።

ሌላው ምርጫ ሞንታርቦውን መጨመር ነው። እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1911 ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አንድ ነገር አሳተመ፦ ሰው በጫጫታ መካከል ሲሆን ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። መሪው ሲጨምር ኪቦርዱ ይጨምራል፣ ኪቦርዱ ሲጨምር ከበሮው ይጨምራል፣ መሪው ደግሞ እንደገና ይጮኻል። በመጨረሻ ሕዝቡ የራሱንም የጎረቤቱንም ድምፅ መስማት ያቅተዋል። ጆሮ ድምፃችንን የምናርምበት መሣሪያ ስለሆነ፣ ራሱን የማይሰማ ሰው ዜማውን ለመያዝ ይቸገራል፤ ብዙ ጊዜም ዝም ብሎ ማዳመጥን ይመርጣል። በቃ፣ ዝማሬው ኮንሰርት ሆነ።

ለጆሮም ይታሰብ። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም መመዘኛ መሠረት 85 ዴሲቤል ጫጫታ ውስጥ እስከ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ 100 ዴሲቤል ሲደርስ ግን ገደቡ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከአምልኮ በኋላ ጆሯችሁ ጭው የሚል ከሆነ ሞንታርቦው በዝቷል።

ከየት ላይ እንጀምር?

ድምፅ የሚፈጠረው በጉሮሯችን ያሉ የድምፅ አውታሮች ሲርገበገቡ ነው። በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገቡ የምንለካው በኸርዝ ነው። ሴቶችና ወንዶች አንድን መዝሙር «በአንድ ድምፅ» ሲዘምሩ በእርግጥ አንድ ዓይነት ድምፅ እያወጡ አይደለም፤ ወንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሴቶቹን ግማሽ ኸርዝ ያወጣሉ። ሴቶቹ 440 ሲሉ ወንዶቹ 220 ይላሉ። ጆሯችን ሁለቱን አንድ ዜማ አድርጎ ይቀበላቸዋል። ይህ ልዩነት «ኦክታቭ» ይባላል።

ያልሠለጠነ ሰው ተመችቶት የሚዘምርበት ክልል አንድ ኦክታቭና ጥቂት ኖታዎች ያህል ነው። በምዕራባውያን የመዝሙር መጻሕፍት ለሕዝብ በሚዘጋጁ ዜማዎች ከፍተኛው ኖታ ብዙ ጊዜ በ587 ኸርዝ አካባቢ የሚቆመው ለዚህ ነው፤ ለወንዶች ግማሹ፣ 294 ገደማ ይሆናል። አሁን መሪው መዝሙሩ እንዲሞቅ ብሎ ሦስት ጊዜ በግማሽ ድምፅ ከፍ ቢያደርገውስ? እያንዳንዱ ከፍታ ኸርዙን በ1.06 ያህል ያባዛዋል። 587 የነበረው ወደ 700 ይጠጋል። ለመሪው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሲለማመድ ነው የሰነበተው። ከኋላ የተቀመጡት እማማ ግን ሁለተኛው ላይ አቆሙ።

ስለዚህ አዋቂ መሪ መዝሙሩን ከመጀመሩ በፊት ከፍተኛዋን ኖታ በልቡ ይፈትሻል። ለራሱ ጉሮሮ የምትመቸውን ትቶ ለሕዝቡ የምትመቸውን መነሻ ይመርጣል።

*ሙከራ 2።* የምትወዱትን መዝሙር በለሆሳስ ጀምሩና ከፍተኛው ቦታ ላይ ስትደርሱ አቁሙ። አንገታችሁ ተገታተረ? አገጫችሁ ወደ ላይ ተነሳ? እንግዲያው መነሻችሁ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ቃሉስ? የቤንችኛ ፈተና

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ደረስን።

በበበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች ዙሪያ ያለው ሕዝብ ከብዙ ቦታ የተሰባሰበ ነው። ነባሮቹ ቤንች፣ ሸኮ፣ ሸካቾ፣ ካፊቾ፣ መዠንግርና ሌሎችም አሉ። ለእርሻ ሥራ የመጡ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከሰሜን ተነስተው በደቡብ ምዕራብ የሰፈሩም አሉ። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ቋንቋ ተናጋሪ ሊቀመጥ ይችላል። መሪው በአማርኛ ቢመራ ብዙው ይረዳዋል፤ ሁሉም ግን በልቡ ቋንቋ አይዘምርም።

መጽሐፍ ለሌለው ወይም ማንበብ ለማይችል ሰው መሪው ስንኙን ቀድሞ እያለ ማስቀበሉ ዕድሜ ጠገብ ዘዴ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1645 የጸደቀው የአምልኮ መመሪያ እንኳ ማንበብ የማይችሉ ብዙ በሆኑበት ቦታ አንድ ሰው መዝሙሩን ስንኝ በስንኝ እያነበበ እንዲያስቀብል ይመክራል። እኛ ዘንድ መቀበል የኖረ ባህል ስለሆነ ማንም አይቸገርም።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ዜማው ላይ!

መጀመሪያ ከአማርኛ እንነሳ። «ገና» የሚለውን ቃል አንብቡ። «ና»ን ካላላችሁት «እስካሁን» ማለት ነው፤ ካጠበቃችሁት የልደት በዓል ነው። በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው አፋችን ነው። በቤንችኛ ደግሞ ቃላትን የሚለየው ሌላም ነገር አለ፦ የድምፅ ከፍታ። የቋንቋ ተመራማሪው ክላውስ ቬደኪንድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት ቤንችኛ ስድስት «ቶኖች» እንዳሉት አሳይቷል፤ አምስቱ ቀጥ ያሉ ደረጃዎች ሲሆኑ አንዱ ከዝቅታ ወደ ከፍታ የሚወጣ ነው። በተመሳሳይ ፊደላት የተሠራ ቃል ከፍ ብሎ ሲነገርና ዝቅ ብሎ ሲነገር የተለያየ ነገር ማለት ነው። በዓለም ላይ ቶን ያላቸው ቋንቋዎች ብዙ ናቸው፤ አምስት ቀጥ ያሉ ደረጃዎች ያሏቸው ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ጎረቤቱ ሸኮኛም አራት ደረጃዎች አሉት።

ከፍታው ምን ያህል ትርጉም ይሸከማል ካላችሁ ይህን ስሙ፦ ቤንችኛ በፉጨትም ይነገራል። ከንፈር ወይም ሁለት እጆች አጋጥሞ በማፏጨት ርቆ ካለ ሰው ጋር መልእክት መለዋወጥ ይቻላል። በአምስት አውታር ክራርም መልእክት ይተላለፋል። ተነባቢና አናባቢ የለም፤ ከፍታው ብቻ ነው የሚያወራው።

አሁን ችግሩ ታያችሁ? ዜማም ከፍታ ነው። አንድ መሪ የአማርኛ መዝሙር ወስዶ ቃሉን ወደ ቤንችኛ ቢተረጉምና ዜማውን እንዳለ ቢተወው፣ ቃሉ ዝቅ ማለት ሲፈልግ ዜማው ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ያኔ አድማጩ ሌላ ቃል ሊሰማ ወይም ግራ ሊጋባ ይችላል። ጽሑፉም አይረዳም፤ በኢትዮጵያ ፊደል የታተመው የቀድሞው የቤንችኛ አዲስ ኪዳን ቶንን አላመለከተም። ቶኑ ያለው በወረቀት ላይ ሳይሆን በተናጋሪው አፍ ውስጥ ነው።

ይህ ፈተና የቤንች ብቻ አይደለም። በናይጄሪያ ሦስት ቶን ያለው ዮሩባ ተናጋሪ ክርስቲያኖች በመጀመሪያ የተሰጧቸው የእንግሊዝ ዜማ የለበሱ የዮሩባ ቃላት ነበሩ። ቃልና ዜማ እየተጋጩ ትርጉሙ ይበላሽ ነበር። ከ1914 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት በሌጎስ የክርስቶስ ካቴድራል ኦርጋን ተጫዋችና የመዘምራን መሪ የነበረው ቶማስ ኤኩንዳዮ ፊሊፕስ ነገሩን ገለበጠው፦ መጀመሪያ ቃሉን አዳመጠ፣ ከዚያ ዜማውን የቃሉን መውጣትና መውረድ ተከትሎ ሠራ። በሆንግ ኮንግ ደግሞ ተቃራኒው የተለመደ ነው። ስድስት ቶን ባለው ካንቶንኛ የፖፕ ዘፈን ሲሠራ ብዙ ጊዜ ዜማው ይቀድማል፤ ገጣሚው ከዜማው ጋር የሚስማማ ቶን ያላቸውን ቃላት እየመረጠ ይሞላል።

ሁለቱም መንገድ የሚያስተምረን አንድ ነው። ዜማው የቶኑን ትክክለኛ ቁመት መያዝ የለበትም፤ ዋናው አቅጣጫው ነው። ቃሉ ሲወጣ ዜማው ባይወጣ እንኳ ባይወርድ፣ ቃሉ ሲወርድ ዜማው ባይወርድ እንኳ ባይወጣ ብዙ ይተርፋል። የቀረውን አድማጩ ከአውዱ ይሞላዋል፤ እኛ «ገና»ን እንደምንሞላው።

*ሙከራ 3፣ ቤንችኛ ወይም ሸኮኛ ለምትናገሩ።* አንድ የመዝሙር ስንኝ ምረጡ። መጀመሪያ እንደ ተራ ንግግር በሉት። ከዚያ አፋችሁን ዘግታችሁ በእምታ ብቻ ድገሙት፤ ቶኑ ብቻውን ይሰማችኋል። በየቃሉ መካከል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቀስት ሳሉ። ከሥሩ የዜማውን ቀስቶች ሳሉ። ስንቱ ተስማማ? ስንቱ ተጋጨ? ከዚያ ስንኙን ዜማውን ለማያውቁ አያታችሁ ዘምሩላቸውና ምን እንደሰሙ ጠይቋቸው። ይህ ጨዋታ አይደለም፤ የቋንቋ ተመራማሪዎችም የሚሠሩት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አብረን ስንዘምር ምን እንሆናለን?

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? እ.ኤ.አ. በ2013 በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ቢዮርን ቪክሆፍና ባልደረቦቹ የወጣት ዘማሪዎችን የልብ ምት ለኩ። አብረው ሲዘምሩ የልባቸው ምት አብሮ ይፈጥናል፣ አብሮ ይዘገያል። ምክንያቱ ተአምር አይደለም፤ አየር ስናስገባ ልባችን ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል። የመዝሙር ስንኝ ደግሞ መቼ እንደምንተነፍስ ይወስናል። መሪው በትንፋሹ የጀመረው ነገር የሕዝቡ ልብ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ የታተመ የፒርስ፣ የሎኔና የደንባር ጥናት ደግሞ ለአዋቂዎች በተዘጋጁ ትምህርቶች የተመዘገቡ ሰዎችን ለሰባት ወራት ተከታተለ። የዝማሬ ክፍሎቹ ከእጅ ሥራና ከድርሰት ክፍሎቹ ቀድመው ተቀራረቡ። በመጨረሻ ሌሎቹም ደረሱባቸው፤ ዝማሬ ያደረገው መቀራረቡን ማፋጠን ነው። የቡና ለቀማ ካመጣው እንግዳ ጋር በአንድ ወንበር ለተቀመጠ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ልብ በሉ፦ የሚቀራረቡት የዘመሩት ናቸው። ኖታው ከፍ ስላለባቸው፣ ሞንታርቦው ስለዋጣቸው ወይም ቃሉ ስላልገባቸው ዝም ያሉት ይህ አይደርሳቸውም።

በሚቀጥለው ጊዜ ዝማሬ ባለበት ስትገኙ ለጥቂት ደቂቃ ዓይናችሁን ከመሪው ላይ አንሱና ሕዝቡን ተመልከቱ። ስንት አፍ ይንቀሳቀሳል? መቼ ይጨምራል፣ መቼ ይቀንሳል? መሪው ያን ጊዜ ምን አደረገ? መሪ ከሆናችሁ ደግሞ አንዱን አዝማች እናንተ ዝም በሉና ሕዝቡን አዳምጡ። ያለ እናንተ ከቀጠለ ሥራችሁን በደንብ ሠርታችኋል።